ሆም ፎልደሩ ሰርቨር ላይ የሆነ ኮምፒውተር አልጠፋ ሲል

ከቀኑ 11 ሰዓት ሊሆን ነው። ተማሪዎች ወጥተዋል፣ ጥበቃው ቁልፉን ይዞ በር ላይ ቆሟል፣ ከሃያዎቹ ኮምፒውተሮች አሥራ ሰባቱ ጠፍተዋል። ሦስቱ ግን በጥቁር ስክሪን ላይ «ኤንኤፍኤስ፦ ሰርቨር ኖት ሪስፖንዲንግ፣ ስቲል ትራይንግ» የሚል መስመር አውጥተው ቀጥ ብለዋል። ሰርቨሩ በጎን ባለው ክፍል ውስጥ ያለ ምንም ችግር እየሠራ ነው፤ ማሽኖቹ ግን አልመለሰልንም ይላሉ። ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖ ይይዛል፤ ማሽኑም ይጠፋል። በማግስቱ ችግሩ እዚያው ነው፣ ምን እንደተፈጠረ ሊናገር ይችል የነበረው ሎግም ብዙውን ጊዜ አብሮ ጠፍቷል።

ይህ መመሪያ የተጠቃሚዎቻቸው ሆም ፎልደር በኤንኤፍኤስ (ፎልደርን በኔትወርክ በሚያጋራ ሥርዓት) ከሰርቨር ለሚመጣላቸው፣ ሲስተምዲን (አገልግሎቶችን በተራ የሚያስነሳና የሚያጠፋውን ፕሮግራም) ለሚጠቀሙ የሊኑክስ ማሽኖች የተጻፈ ነው፤ ደቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና መሰሎቻቸው በዚህ ውስጥ ይገባሉ። የትእዛዞችን፣ የፋይሎችንና የምርጫዎችን ስም በአፍ እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ሲተይቧቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

ረጅሙ ጥበቃ የመጀመሪያው ስህተት አይደለም

ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ኤንኤፍኤስ የተሠራው፣ ሰርቨሩ ለጊዜው ቢጠፋ ደንበኛው ማሽን መረጃ ከሚያበላሽ ቆሞ ቢጠብቅ ይሻላል በሚል ሐሳብ ነው። በሊኑክስ ላይ አንድ ፎልደር ያለ ተጨማሪ ምርጫ ማውንት ሲደረግ (ከማሽኑ የፎልደሮች ዛፍ ጋር ሲያያዝ) «ሃርድ» በሚባለው አኳኋን ይሆናል፤ ይህም ማለት ወደ ሰርቨሩ የተላከ ጥያቄ ምላሽ እስኪያገኝ ድረስ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ደጋግሞ ይልካል እንጂ «አልተቻለም» ብሎ ለፕሮግራሙ አይመልስለትም። በቲሲፒ የመጀመሪያው የጥበቃ ጊዜ 60 ሰከንድ ነው፤ በማውንት ምርጫዎች ዝርዝር ላይ «ታይሜኦ» ተብሎ 600 የሚታየውም ይኸው ሲሆን የሚለካው በሰከንድ አሥረኛ ነው። በዚህ ጥበቃ ላይ ያለ ፕሮሰስ (በመሥራት ላይ ያለ ፕሮግራም) በ«ፒኤስ» ዝርዝር ውስጥ የ«ዲ» ምልክት ይኖረዋል። ከከርነል 2.6.25 ወዲህ እንዲህ ያለው ፕሮሰስ በምልክት 9 ብዙውን ጊዜ ይሞታል፤ ወደ ሰርቨሩ ሊጻፍ ሲል በማሽኑ ማስታወሻ ውስጥ የተያዘው መረጃ ግን ፕሮሰሱ ስለሞተ ብቻ መሄጃ አያገኝም።

ኮምፒውተር ሲጠፋ ሦስት ነገሮች በተራቸው መልቀቅ አለባቸው፦ መጀመሪያ ሆም ውስጥ ፋይል የከፈቱት ፕሮሰሶች፣ ቀጥሎ ማውንቱ፣ በመጨረሻ ኔትወርኩ። ሲስተምዲ ይህን ተራ ያውቀዋል፤ ማሽኑ ሲነሳ ኔትወርክ፣ ከዚያ ማውንት፣ ከዚያ የተጠቃሚዎች መግቢያ ብሎ እንዳስነሳ፣ ሲያጠፋ በተቃራኒው ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ፕሮሰስ ከተራው ውጭ ሲቀር ነው። ሲስተምዲ ማውንቱን ሊነቅል ይሞክራል፣ «ታርጌት ኢዝ ቢዚ» ይባላል፣ አለመሳካቱን በአንዲት መስመር መዝግቦ ወደሚቀጥለው ሥራ ያልፋል። የሚቀጥለው ሥራ ኔትወርኩን ማጥፋት ነው። በመጨረሻ፣ ሁሉም ነገር ከቆመ በኋላ የቀሩትን ማውንቶች እንደገና ሊነቅል ሲመለስ፣ ሰርቨሩ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ስክሪኑ ላይ ለደቂቃዎች የሚታየው የሰርቨር አልመለሰም መልእክት፣ ከዚያ በፊት በአንድ ሰከንድ ውስጥ አልፋ የሄደችው የ«ቢዚ» መስመር ውጤት ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ሰርቨሩን የሚመረምረው ይህን ባለማየቱ ነው።

ማሽኑ ሲቆም የሚያሳየው መልክ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ልዩነቱን መያዝ ግማሽ መንገድ ነው። ኮከቦች ወዲያና ወዲህ እየሄዱ «ኤ ስቶፕ ጆብ ኢዝ ረኒንግ ፎር» ብሎ ሰከንድ የሚቆጥር ከሆነ፣ ከ«ፎር» በኋላ የተጻፈውን ስም ያንብቡ። የተጻፈው የተጠቃሚ ሴሽን ወይም «ዩዘር ማኔጀር» ከሆነ አልሞት ያለው ፕሮሰስ ነው። የተጻፈው /ሆም ከሆነ ነቀላው ራሱ ተንጠልጥሏል፣ ማለትም ኔትወርኩ ቀድሞ ሄዷል ወይም ሰርቨሩ በእርግጥ የለም። ቆጠራው ብዙውን ጊዜ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው፤ ፌዶራ ከ38ኛው እትም ጀምሮ ወደ 45 ሰከንድ ዝቅ አድርጎታል። ቆጠራ የሚባል ነገር ሳይታይ «ሪችድ ታርጌት» ከሚለው መስመር በኋላ የሚቆም ከሆነ ግን ከላይ የገለጽኩት የተራ መዛባት ነው። ስክሪኑ ላይ የድርጅት አርማ ብቻ የሚታይ ከሆነ የኤስኬፕ ቁልፍን ይጫኑ፤ መልእክቶቹ ከሥሩ ናቸው።

ሎጉን ሳያጠፉ ማንበብ

ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ያለፈውን መዘጋት ለማየት ሎጉ በዲስክ ላይ መቀመጥ አለበት። /ቫር/ሎግ/ጆርናል የሚባል ፎልደር ከሌለ ይፍጠሩትና ማሽኑን አንድ ጊዜ ያስነሱት። በሚቀጥለው ጊዜ ማሽኑ አልጠፋ ሲል የማጥፊያውን ቁልፍ ለመያዝ አይቸኩሉ፦ የሎግ አገልግሎቱ እጅግ አስቸኳይ ያልሆኑ መልእክቶችን ወደ ዲስክ የሚያረጋግጠው በየ5 ደቂቃው በመሆኑ፣ ጉልበት ሲጠቀሙ የሚጠፋው በትክክል የሚፈልጉት ክፍል ነው።

ከዚያ «ጆርናል ሲቲኤል -ቢ -1 -ኢ» ብለው ያለፈውን ጊዜ ሎግ ከመጨረሻው ይክፈቱ። በእኔ ሦስት ማሽኖች ላይ ያገኘሁት፣ ሌላውን ሁሉ ስተው፣ ይህን ይመስል ነበር፦

16፡58፡02 ስቶፕድ ሬጉላር ባክግራውንድ ፕሮግራም ፕሮሰሲንግ ዴመን
16፡58፡04 ዩማውንት፦ /ሆም፦ ታርጌት ኢዝ ቢዚ
16፡58፡04 ፌይልድ አንማውንቲንግ /ሆም
16፡58፡05 ስቶፕድ ሬይዝ ኔትወርክ ኢንተርፌስስ

ሎጉ የሚጽፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 16፡58 ማለት በእኛ 10፡58 ነው፤ ይህን የምጠቅሰው በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። ከስክሪኑ ላይ ያየነው የሰርቨር አልመለሰም መስመር እዚህ ውስጥ የለም፤ ያ የመጣው ሎግ ጸሐፊው ራሱ ከቆመ በኋላ ነው። ማንበብ የሚገባው ከታች ወደ ላይ ነው፦ ኔትወርኩ የወረደበትን መስመር ይፈልጉ፣ ከእሱ በላይ የነቀላውን መስመር ይፈልጉ፣ ተሳክቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ያረጋግጡ። ነቀላው ተሳክቶ ከሆነ ኤንኤፍኤስን ይተዉትና ሌላ ጥፋተኛ ይፈልጉ። «ቢዚ» ካለ የያዘውን ፕሮሰስ ይፈልጉ። የነቀላ መስመር ከኔትወርኩ መውረድ በኋላ ከመጣ ደግሞ ተራውን ያስተካክሉ።

ማሽኑ ተንጠልጥሎ እያለ ውስጡን ማየት

ሎጉ በቂ ካልሆነ «ሲስተም ሲቲኤል ኢኔብል ዲበግ-ሼል» ብለው የምርመራ ሼሉን ያብሩና ማሽኑን አንድ ጊዜ ያስነሱት። ከዚያ በኋላ ማሽኑ በመዘጋት ላይ እያለም ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ9ን አንድ ላይ ሲጫኑ የሩት ሼል (ሙሉ ሥልጣን ያለው የትእዛዝ መስኮት) ይከፈታል። የይለፍ ቃል አይጠይቅም። ይህ ማለት በክፍሉ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው፣ ይህችን የቁልፍ ጥምረት የሚያውቅ ተማሪ ጭምር፣ ማሽኑን እንዳሻው ያደርገዋል፤ ስለዚህ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ፣ እርስዎ ፊቱ ተቀምጠው ባሉበት ሰዓት ያብሩት።

በዚህ ሼል ውስጥ የመጀመሪያው ጥንቃቄ የለመዱትን ትእዛዝ አለመተየብ ነው። «ዲኤፍ» ሁሉንም ማውንት ስለሚጠይቅ ይንጠለጠላል፤ «ኤልኤስ /ሆም» ይንጠለጠላል፤ «ኤልኤስኦፍ» ያለ ምርጫ ከተጠራ እሱም ይንጠለጠላል፣ ያቺንም ብቸኛ ሼልዎን ይዞ ይቀራል። ሰርቨሩን ሳይነኩ የሚመልሱት እነዚህ ናቸው፦ ምን ምን ማውንት እንደሆነ ለማየት «ካት /ፕሮክ/ማውንትስ»፣ የትኛው ሥራ ተራ እየጠበቀ እንደሆነ ለማየት «ሲስተም ሲቲኤል ሊስት-ጆብስ»፣ የትኛው ፕሮሰስ በ«ዲ» ሁኔታ ላይ እንዳለና በየትኛው የከርነል ተግባር ላይ እንደቆመ ለማየት ደግሞ «ፒኤስ»ን «ስታት» እና «ደብሊውቻን» ከሚባሉት ዓምዶች ጋር። የቆመበት ተግባር ስም በ«ኤንኤፍኤስ» ወይም በ«አርፒሲ» የሚጀምር ከሆነ ጥርጣሬዎ ተረጋግጧል።

ማሽኑን ለመልቀቅ መጀመሪያ «ዩማውንት -ኤፍ /ሆም» ይሞክሩ፤ ይህ በመንገድ ላይ ያሉትን ጥያቄዎች በስህተት እንዲመለሱ ያደርጋል። ካልተሳካ «ዩማውንት -ኤፍ -ኤል /ሆም» ይበሉ፤ የኋለኛው ምርጫ ማውንቱን ከፎልደሮች ዛፍ ላይ ወዲያው ቆርጦ ትክክለኛውን ጽዳት ለኋላ ይተዋል። ሁለቱም ወደ ሰርቨሩ ያልደረሰውን መረጃ ሊጥሉ ይችላሉ፤ ለአንድ ጊዜ ማምለጫ ናቸው እንጂ በመዝጊያ ስክሪፕት ውስጥ የሚሰፍሩ አይደሉም። ሼሉም ካልተከፈተ የሲስተም ሪኩዌስት ቁልፍን ከአልት ጋር ይዘው ኤስን፣ ዩን፣ ቢን በተራ ይጫኑ፦ የአካባቢው ዲስክ ይጻፋል፣ ለንባብ ብቻ ይሆናል፣ ማሽኑ እንደገና ይነሳል። በኡቡንቱ እነዚህ ሦስቱ ፊደላት እንደተለቀቀ ይሠራሉ፤ በአንዳንድ ስርጭቶች ግን አስቀድሞ ካልተፈቀደ የሚሠራው ኤስ ብቻ ነው። ይህም ሆኖ ኃይል ከመንቀል ይሻላል።

ማን እንደያዘው መፈለግ

ኔትወርኩ በሕይወት ባለበት ሰዓት፣ ማለትም ማሽኑን ከመዝጋትዎ በፊት፣ ሁሉንም ተጠቃሚ አስወጥተው «ኤፍዩዘር -ቪኤም /ሆም» ይበሉ። ማንም ካልገባ ዝርዝሩ ከከርነሉ የማውንት መስመር በቀር ባዶ መሆን አለበት። ይህን ሲያደርጉ የራስዎ አካውንት ሆም ሰርቨሩ ላይ ከሆነ ቀዳሚው ጥፋተኛ የእርስዎ ተርሚናል ይሆናል፤ ሩት ሆነው ቢቀየሩም የገቡበት ሼል ከሥር እዚያው ተቀምጧል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን ሆሙ በማሽኑ ዲስክ ላይ የሆነ አንድ የአስተዳዳሪ አካውንት ይኑር፤ ሰርቨሩ በሞተበት ቀንም የሚገቡት በዚሁ ነው።

የቀሩ ፕሮሰሶች ከሦስት ምንጮች ይመጣሉ። የመጀመሪያው የተጠቃሚው ሴሽን ቅሪት ነው፦ የድምፅ አገልግሎት፣ ፋይል የሚጠቁም ኢንዴክሰር፣ ወይም በ«ቲማክስ» ውስጥ ተከፍቶ የተረሳ ሥራ። «ሎጊን ሲቲኤል ሊስት-ዩዘርስ» ማን እንደቀረ፣ «ሎጊን ሲቲኤል ዩዘር-ስታተስ» ደግሞ ምን ይዞ እንደቀረ ያሳያሉ። ለአንድ ተጠቃሚ «ሊንገር» የሚባለው ፈቃድ በርቶ ከሆነ ከወጣ በኋላም ፕሮሰሶቹ ይቀጥላሉ፤ ካላስፈለገ ያጥፉት። በ«ሎጊንዲ.ኮንፍ» ውስጥ «ኪል ዩዘር ፕሮሰስስ»ን «የስ» ማድረግ ሲወጡ ሁሉንም ይጠርጋል፤ ለተማሪ ክፍል ተስማሚ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ስሌት ለሚያስኬዱ ተመራማሪዎች ግን ከባድ ቅጣት ነው፤ ለእነሱ ማሽን አላደርገውም።

ሁለተኛው ምንጭ ኦቶኤፍኤስ ነው። ሆሞቹ እንደ አስፈላጊነቱ በኦቶኤፍኤስ የሚመጡ ከሆነ፣ የተጠቃሚዎች ሴሽን ከኦቶኤፍኤስ በኋላ የሚነሳ መሆኑን ለሲስተምዲ የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል፤ ያልተነገረውን ተራ ደግሞ ሲያጠፋም አይጠብቅም፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ያወርዳቸዋል። ኦቶኤፍኤስ ሊነቅል ሲል ሴሽኑ ገና ፋይል ይዟል። ማስተካከያው አጭር ነው፦ «ሲስተም ሲቲኤል ኤዲት ሲስተምዲ-ዩዘር-ሴሽንስ.ሰርቪስ» ብለው በሚከፈተው ፋይል ውስጥ፣ በ«ዩኒት» ክፍል ሥር፣ «አፍተር=ኦቶኤፍኤስ.ሰርቪስ» የሚል አንድ መስመር ይጻፉ። «አፍተር» ማለት ሲነሳ በኋላ፣ ሲጠፋ በፊት ነው፤ ስለዚህ ይህች መስመር ለሁለቱም ትሠራለች።

ሦስተኛው ምንጭ ሰው ሳይገባ የሚሠራ ነገር ነው፣ እኔንም ያሳፈረኝ ይኸው ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ሰርቨሩን፣ ስዊቹን፣ ኬብሉን ስቀያይር ከርሜ በመጨረሻ በ10፡57 ላይ ከሦስቱ ማሽኖች በአንዱ «ኤፍዩዘር»ን ስጠራ የወጣው «አርሲንክ» የሚባል ፕሮሰስ ነበር። ከወራት በፊት በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስጀምር አገልግሎት) ያስገባሁት፣ በየቀኑ 10፡55 ላይ የሆሞችን መጠባበቂያ ቅጂ የሚወስድ የራሴው ሥራ ነው፤ በሦስት ማሽኖች ላይ ብቻ ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ክሮን ሲጠፋ ልጆቹ መሞት አልነበረባቸውም ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ በክሮን የዩኒት ፋይል ውስጥ ነው፦ «ኪል ሞድ=ፕሮሰስ» ይላል፤ ይህም ዋናው ክሮን ብቻ ይገደል፣ ያስጀመራቸው ሥራዎች ይቅሩ ማለት ነው። ከላይ ባሳየሁት ሎግ የመጀመሪያው መስመር ክሮን በሰላም መቆሙን ይናገራል፤ አርሲንክ ግን ሆሙን ይዞ ቀጥሏል፣ ከሁለት ሰከንድ በኋላ የመጣችው የ«ቢዚ» መስመርም የእሱ ናት።

እንዲህ ያለውን ሥራ ከክሮን አውጥተው የሲስተምዲ ሰርቪስና ታይመር ያድርጉት፤ በሰርቪሱ «ዩኒት» ክፍልም «ሪኳየርስ ማውንትስ ፎር=/ሆም» ይጻፉ። ይህ ሥራው ማውንቱ ሳይኖር እንዳይጀምር፣ ማውንቱም ሥራው ሳይቆም እንዳይነቀል ያደርጋል። ሆም ውስጥ ዲስኩ ያለ ቨርቹዋል ማሽን፣ ሆምን ወደ ውስጡ ያስገባ የዶከር ኮንቴይነር፣ በራስዎ የተጻፈ ማንኛውም ሰርቪስ፣ ሁሉም ይህችን መስመር ይፈልጋሉ።

ኔትወርኩ ቀድሞ ሲሄድ

በኬብል የተገናኘ ማሽን በዚህ በኩል የተሻለ ዕድል አለው። ኔትወርክ ማኔጀር ሲቆም የኬብሉን ካርድ እንዳለ ይተወዋል፤ ስለዚህ የዘገየ ነቀላም ሰርቨሩን ያገኘዋል። በደቢያን የቆየው «ኢፍአፕዳውን» ግን ካርዶቹን ያወርዳል፣ ሲስተምዲ-ኔትወርክዲም በዲኤችሲፒ ያገኘውን አድራሻ ሲቆም ይጥላል። በዋይፋይ የሚሠራ ላፕቶፕ ግንኙነቱ በሕይወት ባለ ፕሮሰስ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ፕሮሰሱ ሲሞት ያበቃለታል። ይባስ ብሎ ዋይፋዩ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተፈቀደ ከሆነ ያ ተጠቃሚ ሲወጣ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ሆሙ ግን ገና አልተነቀለም። በግንኙነቱ ማስተካከያ መስኮት ውስጥ ሁሉም ተጠቃሚዎች እንዲገናኙበት የሚፈቅደውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። ከተቻለ ግን በሰርቨር ላይ ያለ ሆምን በዋይፋይ አይጠቀሙ፤ ይህን የምለው ደጋግሜ ተሞኝቼ ነው።

ሆሙ የሚመጣው በቪፒኤን በኩል ከሆነ ሲስተምዲ የቪፒኤኑን አስፈላጊነት በራሱ ሊያውቅ አይችልም። በ/ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ ውስጥ ባለው የማውንት መስመር፣ በምርጫዎቹ ዓምድ ላይ «ኤክስ-ሲስተምዲ.ሪኳየርስ=» ብለው የቪፒኤኑን ሰርቪስ ስም ያክሉ። ለኤንኤፍኤስ ማውንት የኔትወርክ ጥገኝነቱን ሲስተምዲ ከፋይል ሥርዓቱ ዓይነት ይረዳዋል፤ ዓይነቱ ይህን ለማይናገር ማውንት ደግሞ «_ኔትዴቭ» የሚለው ምርጫ አለ። ኤፍኤስታብን ከቀየሩ በኋላ «ሲስተም ሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ» ማለትን አይርሱ፤ ከዚያም «ሲስተም ሲቲኤል ሾው -ፒ አፍተር ሆም.ማውንት» ብለው የቪፒኤኑ ስም በዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ማውንቱ ከርቤሮስን (የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጥ ሥርዓት) የሚጠቀም ከሆነ የ«አርፒሲ.ጂኤስኤስዲ» አገልግሎትም ከማውንቱ በኋላ መቆሙን በሎጉ ይመልከቱ።

ሰርቨሩ በእርግጥ ሲጠፋ

መብራት ሲሄድ የሚሆነው ሌላ ነው። ሰርቨሩ ባትሪ ላይ ነው፣ ኮምፒውተሮቹም ባትሪ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ትንሹ ስዊች ግን ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ነው የተሰካው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ስንት ቦታ እንዳየሁ ብናገር የሚያምነኝ አይኖርም። ስዊቹን ባትሪው ላይ ይሰኩት፤ የሚወስደው ኃይል ከአንድ ሞኒተር ያነሰ ነው።

ቀጥሎ የመጥፊያ ተራውን ይወስኑ፦ ደንበኞቹ አስቀድመው፣ ሰርቨሩ በመጨረሻ። የባትሪውን ሁኔታ በ«ነት» ሶፍትዌር የሚከታተሉ ከሆነ አንድ የተሰወረ ወጥመድ አለ። ባትሪው ሲያልቅ ዋናው ማሽን ሌሎቹ እስኪለዩ ይጠብቃል፤ ይህ ጥበቃ «ሆስትሲንክ» ይባላል፣ እንደተለቀቀም 15 ሰከንድ ነው። ሌሎቹ ግን ከእሱ የሚለዩት መዘጋት ሲጀምሩ እንጂ ዘግተው ሲጨርሱ አይደለም። ስለዚህ ሰርቨሩ ሊሄድ ሲል ደንበኞቹ ገና ሆም እየነቀሉ ሊሆን ይችላል። በሰርቨሩ ላይ ብቻ «ፋይናል ዲሌይ» የሚባለውን ከ5 ሰከንድ ወደ 120 ወይም 180 ከፍ ያድርጉ፣ ባትሪው ያን ያህል የሚቆይ መሆኑን አስቀድመው ከለኩ በኋላ።

ሰርቨሩ ጠፍቶ ከተመለሰ ወዲያው የደንበኛ ማሽን ሲዘጉ ቢዘገይ ግን አይደንገጡ። የሊኑክስ ኤንኤፍኤስ ስሪት 4 ሰርቨር ከተነሳ በኋላ የቀድሞ ደንበኞች የፋይል ቁልፋቸውን እንዲያስመልሱ 90 ሰከንድ ይሰጣል፤ በዚህ ጊዜ አዳዲስ ጥያቄዎች ይጠብቃሉ። ስህተት ስላልሆነ ሁለት ደቂቃ ይታገሡ።

«ሶፍት» ለሚሏችሁ

ይህን ችግር ለሰው ሲያማክሩ ቶሎ የሚመጣው ምክር ማውንቱን ከ«ሃርድ» ወደ «ሶፍት» መቀየር ነው። በእርግጥ ማሽኑ ይጠፋል። ነገር ግን «ሶፍት» ማለት ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ለፕሮግራሙ የስህተት ምላሽ መስጠት ነው፤ ብዙ ፕሮግራም ደግሞ ሲጽፍ የመጣለትን ስህተት በወጉ አይመለከትም፣ ግማሹ የተጻፈ ሰነድ ጤነኛ መስሎ ይቀመጣል። ሊነበብ ብቻ ለተዘጋጀ የሶፍትዌር ፎልደር እሺ እላለሁ፤ ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚያስቀምጥበት ሆም በፍጹም። «ኢንተር» የሚባለውንም አሮጌ ምርጫ አሁንም የሚመክሩ አሉ፤ ከከርነል 2.6.25 ጀምሮ ከርነሉ አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው ነው። የሲስተምዲን የ90 ሰከንድ ጣሪያ ወደ 10 ማሳጠርም ከዚሁ ወገን ነው፦ ጥበቃውን ያሳጥራል፣ ሊጻፍ የነበረውንም አብሮ ያሳጥረዋል።

ማስተካከያው መሥራቱን መፈተሽ

ባዶ ማሽን ሁልጊዜም በደህና ይጠፋል፤ ፈተናው በሥራ ላይ ያለ ማሽን ነው። በተራ ተጠቃሚ ስም ይግቡ፣ ሆም ውስጥ አንድ ሰነድ ከፍተው አንድ መስመር ጽፈው ያስቀምጡ፣ አንድ ትልቅ ፋይል ከሆም ወደ ሆም መቅዳት ያስጀምሩና ቅጂው ሳያልቅ ማሽኑን ከምናሌው ይዝጉት። ሁለተኛውን ፈተና ሳይወጡ፣ ከሌላ ማሽን በኤስኤስኤች ገብተው በሩት ትእዛዝ ያድርጉት። ሦስተኛው መጠባበቂያው በሚሠራበት ሰዓት ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ ሎጉን ከፍተው የ/ሆም ነቀላ «አንማውንትድ» ተብሎ ከኔትወርኩ መውረድ በፊት መምጣቱን ይመልከቱ፤ ማሽኑ ቶሎ መጥፋቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፣ አንዳንድ አዳዲስ የሲስተምዲ ስሪቶች የመጨረሻውን ነቀላ በጊዜ ገደብ ስለሚያቋርጡት ጥፋቱ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላልና። ያስቀመጡት መስመርም ከሌላ ማሽን ሲከፈት እዚያው መሆን አለበት።

ሦስቱም ካለፉ «ሲስተም ሲቲኤል ዲስኤብል ዲበግ-ሼል» ብለው ያንን የይለፍ ቃል የማይጠይቅ ሼል ያጥፉ፤ ማሽኑንም አንዴ አስነስተው ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ9 ሲጫኑ ምንም የማይከፈት መሆኑን ይሞክሩ።